አንድ አይነት ኬዝ፣ ሁለት ውሳኔ፤ እናንተ ጋ እንዴት ነው?

ሶሻል ወርከር ለንደን፦
ሰላም፣ ህፃናት ጥበቃ ላይ የምትሰሩ ካላችሁ ሀሳብ ስጡኝ። ሁለት ሪፈራል (ጥቆማ) መጣ (ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)፣ ሁለቱም ላይ እናት የማታ ስራ ስላለባት የ10 አመት ልጅ ቤት ብቻውን ያድራል። አንዱ በአንቀፅ 17 (እርዳታ ለሚያስፈልገው ልጅ) ድጋፍ ተሰጠውና አለቀ፣ ሌላው ላይ የአንቀፅ 47 (ልጁ ጉዳት ያሰጋዋል ወይ የሚል) ምርመራ ተከፈተ። ልዩነቱ የዛን ቀን ዱቲ የነበረው ማኔጀር ነው፣ ሌላ ምንም አላገኘሁም። አንቀፆቹ ያሉበት የ1989ኙ የእንግሊዝ የህፃናት ህግ «ከባድ ጉዳት» ይላል እንጂ ልጅ በስንት አመቱ ብቻውን መተው እንደሚቻል እድሜ አላስቀመጠም። ሱፐርቪዥን ላይ ሳነሳው «የባለሙያ ግምት ነው» ተባልኩ። ምርመራ የተከፈተባት እናት ለምን እኔ ስትለኝ ምን ልበላት?

በርሚንግሃም ነኝ፦
እህቴ ማኔጀሩ ብቻ አይደለም። የቱ ኬዝ ድጋፍ፣ የቱ ምርመራ ይፈልጋል የሚለውን ደረጃ መለያ ሰነድ እያንዳንዱ አካባቢ ለራሱ ነው የሚያወጣው፣ ካውንስል ስትቀይሪ ውሳኔውም ሊቀየር ይችላል። ፍርሃቱም አለ፣ በ2007 ለንደን ሀሪንጌ ውስጥ የ17 ወሩ ፒተር ኮኔሊ ሶሻል ወርከሮች እያወቁት ቤቱ ውስጥ ተጎድቶ ሞቶ በ2008 መጨረሻ ጉዳዩ አደባባይ ሲወጣ ልጅ ከቤት ይውጣ የሚለው የፍርድ ቤት ማመልከቻ በአንዴ ጨመረ። ወላጆቹ እኮ በአንድ ወር አልተለወጡም።

ካሊፎርኒያ፦
እኛ ጋ ስትራክቸርድ ዲሲዥን ሜኪንግ የሚሉት ፎርም አለ፣ ጥያቄውን ስትሞዪ የአደጋውን ደረጃ ያወጣልሻል። ይረዳል፣ ግን በልቡ ወስኖ ከጨረሰ በኋላ ለዛ እንዲመቸው አድርጎ የሚሞላ ሰው አለ። እኔ የማምነው ሁለት ሰው ፋይሉን ለየብቻ አንብቦ ሳይነጋገር ውሳኔውን ከነምክንያቱ ፅፎ ከዛ ሲያስተያዩት ነው። ከተለያዩ አንዱ ያላየው ነገር ይወጣል፣ ማታ የምታይለት ጎረቤት አለች ወይ፣ እናትየዋ ከዚህ በፊት እርዳታ ጠይቃ ነበር ወይ፣ እንዲህ አይነቱ።

አስተርጓሚ ኦስሎ፦
ልጄ፣ እኔ አስተርጓሚ ነኝ። እናት አንገቷን ደፍታ ስትመልስ አንዷ «ጨዋ ናት» ብላ ትፅፋለች፣ ሌላዋ «ትደብቃለች»። እዚህ ኖርዌይ በ2019 የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ስትራንድ ሎበን በሚባለው፣ ልጅ ከእናቱ ተወስዶ ለማደጎ በተሰጠበት ጉዳይ መንግስትን ጥፋተኛ ሲል አንዱ ምክንያት ማስረጃው ውስን መሆኑ ነበር፣ እናትና ልጅ የተያዩት ጥቂት ጊዜ ነው፣ አዲስ የባለሙያ ምርመራም አልተደረገም። ያየሽውንና የገመትሽውን ለያይተሽ ፃፊ።

ሶሻል ወርከር ለንደን፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለየብቻ ማንበቡን ሰኞ ቲም ሚቲንግ ላይ አነሳዋለሁ። እናትየዋ ቅሬታ ማቅረብ እንደምትችል እስካሁን የነገራት የለም፣ ነገ ደውዬ እነግራታለሁ።