«ቬሪ ነርቨስ» አለቀብኝ፤ የጭንቅ ሌሊትን በእንግሊዝኛ እንዴት ልጻፈው?

የሳሪሷ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ማታ ማታ እንግሊዝኛ እማራለሁ። መምህራችን «በሕይወታችሁ ያሳለፋችሁትን አንድ የጭንቅ ሰዓት ግለጹ» ብሎ የቤት ሥራ ሰጥቶናል። ልኩ 250 ቃል ነው። እኔ የመረጥኩት እህቴ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችበትን ሌሊት ነው። ምጡ ጠናባትና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧት። እኔና እማዬ ኮሪደር ላይ ቀረን። እማዬ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ ማርያምን ትለምናለች። እኔ የበሩን እጀታ አያለሁ። እስኪነጋ ድረስ ማንም ወጥቶ ምንም አላለንም።

በአማርኛ ብነግራችሁ ሆዳችሁ ይላወሳል። በእንግሊዝኛ ስጽፈው ግን እንዲህ ሆነ፦ «አይ ዎዝ ቬሪ ነርቨስ። ማይ ማዘር ዎዝ ቬሪ ነርቨስ። ኢት ዎዝ ኤ ቬሪ ሰስፔንስፉል ናይት።» በሦስት መስመር ሦስት «ቬሪ»! ያንን ሌሊት ያዩ ቃላት አይመስሉም። ሐሙስ ነው የማስረክበው። እባካችሁ እርዱኝ። እህቴም ልጇም ደህና ናቸው፣ ተመስገን።

አቤል 21

«ነርቨስ»ን በሙሉ «አንክሸስ» አድርጊው። አለቀ።

መምህር ከደብረ ብርሃን

እህትሽን እንኳን ማርያም ማረቻት።

አቤል የሰጠሽ ቃል ጥሩ ነው፤ ግን በሁሉም ቦታ አይሆንም። «ነርቨስ» ራስሽ ልታደርጊው ያለሽ ነገር ሲያስፈራሽ ነው። ፈተና ልትገቢ ስትይ፣ ሰው ፊት ቆመሽ ልትናገሪ ስትይ። «አንክሸስ» ደግሞ ውጤቱ በእጅሽ ያልሆነ ነገር ሲያስጨንቅሽ ነው። ስለዚህ ለእናትሽ «አንክሸስ» ይስማማል። ከእሱ የበረታ ከፈለግሽ «ዎሪድ ሲክ» አለ፤ ከጭንቀት ብዛት መታመም እንደ ማለት ነው። እናቶች ሲነገርላቸው የምትሰሚው እሱን ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ቃል ከመምረጥሽ በፊት «የተጨነቀው ማነው?» ብለሽ ጠይቂ። ሰው ነው? ነገሩ ነው? ወይስ የቦታው አየር? ተማሪዎቼ ሁሌ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «ነርቭ ራኪንግ» የሚባለው ነገሩ ነው፤ ጥበቃው፣ ሌሊቱ። «አይ ዎዝ ነርቭ ራኪንግ» ካልሽ ግን ሰውን የምታስጨንቂው አንቺ ነሽ ማለት ነው! ለጥበቃው «ኤ ቴንስ ዌይት» ማለት ትችያለሽ። ሥቃይ የነበረበት ከሆነ «አን አጎናይዚንግ ዌይት»።

ለኮሪደሩ ዝምታ ሦስት ቃል አለሽ፣ ግን አንድ አይደሉም። «አንኢዚ» ሆዴን ባር ባር አለኝ የምንለው ዓይነት ነው። «ኦሚነስ» ክፉ ሚልኪ ያለበት ነው፤ አንድ መጥፎ ነገር እየመጣ ነው የሚያሰኝ። «ኢሪ» ደግሞ ፀጉር የሚያቆም፣ የዚህ ዓለም የማይመስል ዝምታ ነው። ያንቺ የትኛው እንደነበር የምታውቂው አንቺ ነሽ።

እነዚህ ቃላት ባዕድ አይምሰሉሽ። «ቴንስ» የመጣው ከላቲን ነው፣ ሥሩ «የተወጠረ» ማለት ነው። እኛስ ምን እንላለን? ውጥረት። «ሰስፔንስ»ም ከላቲን «ማንጠልጠል» የመጣ ነው። እኛም ልብ አንጠልጣይ እንላለን። ሳይነጋገሩ እዚያው ሥዕል ላይ ተገናኝተዋል። እኔ ይሄን ካወቅሁ ወዲህ ሁለቱን ቃላት አላምታታቸውም፦ አንዱ ገመዱ ሲወጠር ነው፣ ሌላው ልብ ተንጠልጥላ ስትቀር። ሰዋስው ላይ የምትማሪው «ቴንስ» ግን ሌላ ነው። እሱ ጊዜ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ድምፁና አጻጻፉ ብቻ ነው የገጠመው።

አንድ ደግሞ የምወደው አለ፦ «ኦን ቴንተርሁክስ»፤ ምን ይመጣ ይሆን ብሎ በጭንቀት ተወጥሮ መጠበቅ ነው። ድሮ እንግሊዝ ውስጥ የሱፍ ጨርቅ ታጥቦ እንዳይኮማተር የእንጨት ፍሬም ላይ በመንጠቆ ተወጥሮ ይደርቅ ነበር። ፍሬሙ «ቴንተር» ይባላል። እኛ አገር ቆዳ በችካል ተወጥሮ ሲደርቅ አይተሽ ከሆነ ነገሩ ገብቶሻል። ብዙ ሰው «ቴንደርሁክስ» እያለ ይሳሳታል። አንቺ በ«ቲ» ጻፊው።

ነርሷ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

የኔ እህት፣ እኔ የምሠራው ማዋለጃ ክፍል ነው። እዚህ አሜሪካ የሥራ ባልደረቦቼ እንዲህ ያለውን ሌሊት «ኢት ዎዝ ተች ኤንድ ጎ» ይሉታል። ይተርፋል አይተርፍም የሚባልበት፣ ወዲህም ወዲያም ሊሆን የሚችል ሰዓት ማለት ነው። ከተረፉ በኋላም ይነገራል፤ «ለጥቂት ሰዓት ተች ኤንድ ጎ ነበር፣ አሁን ደህና ናት»። መጀመሪያ ስሰማው ምንም አልመሰለኝም ነበር፤ ቀላል ቃል ስለሆነ። አሁን ስሰማው እጄ ይቀዘቅዛል።

እህትሽ ላይ እውነት የሚያሰጋ ነገር ካልነበረ ግን አትጠቀሚበት። ከባድ ቃል ነው።

የፊልም ተርጓሚዋ

እኔ ሰብታይትል ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ከእነዚህ ቃላት ጋር ነው የምውለው።

«ሰስፔንስፉል ናይት» የሚለውን አውጪው። «ሰስፔንስፉል» የሚባለው ብዙ ጊዜ ፊልም፣ ልብወለድ፣ ጨዋታ ነው። ተመልካች ሆነሽ ልብሽ ሲንጠለጠል። የእህትሽን ምጥ እንዲያ ስትዪው ቁጭ ብለሽ ያየሽው ትርዒት ያስመስለዋል። «ትሪሊንግ»ም እንደዚያው ነው፣ ደስታ አለበት።

ተመሳሳይ ወጥመድ «ኤጅ» ላይ አለ። «አይ ዎዝ ኦን ኤጅ» ካልሽ በትንሽ ድምፅ የምትደነግጪ፣ ቶሎ የምትቆጪ ሆነሻል ማለት ነው። «ኦን ዘ ኤጅ ኦፍ ማይ ሲት» ግን ፊልሙ ጥሞሽ ወንበርሽ ጫፍ ላይ መጥተሻል። ለኮሪደሩ የመጀመሪያው ነው።

«ዊዝ ቤይትድ ብሬዝ» የሚልሽ ሰው ይኖራል፤ ትንፋሽን ዋጥ አድርጎ መጠበቅ ነው። ቢ ኤ ቲ ኢ ዲ ተብሎ ይጻፋል። መሃሉ ላይ «አይ» ከገባ የዓሣ ማጥመጃ ምግብ ይሆናል። ለዚህ ጽሑፍ ግን ያረጀ ነው። «አይ ሄልድ ማይ ብሬዝ» ይበቃሻል። «ውጥረቱ በቢላዋ ይቆረጥ ነበር» የሚል የእንግሊዝኛ ፈሊጥም አለ፤ ተብሎ ተብሎ ጥርሱ አልቋል፣ ተይው።

ከሁሉ በላይ ግን፣ እናትሽን ለእኛ ስትነግሪን «ተጨንቃ ነበር» አላልሽም። የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ ነው ያልሽው። እሱን ጻፊው! ቃሉ «ክላች» ነው፤ እንዳያመልጥ ጨምድዶ መያዝ። ላንቺ ደግሞ «ስቴር» አለ፤ ዓይንን ሳይነቅሉ ማየት። በሩ በተንቀጫቀጨ ቁጥር ክው ካልሽ «ፍሊንች»። ሰዓቱ አልሄድ ካለ «ዘ ሚኒትስ ክሮውልድ»፤ ደቂቃዎቹ ዳዴ አሉ። ያቺ ነጠላ ብቻዋን ስንት «ቬሪ» ትሸከማለች።

የሩጫ ወዳጅ

ለቤት ሥራሽ ባይሆንም ሌላ ለሚያነብ ልጨምር። ለውድድር «ኔይል ባይቲንግ» ነው፣ ጥፍር የሚያስበላ። ሁለት ሰው እኩል ሲሄድ «ኔክ ኤንድ ኔክ»፤ የኛው አንገት ለአንገት። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት 10 ሺህ ሜትሩን የጨረሱት እንዲያ ነበር። የመጨረሻው ዙር ላይ ቴርጋት ቀድሞ ተፈተለከ። ኃይሌ ደረሰበት፣ መስመሩ ላይ በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀደመው። በዚያው ኦሎምፒክ የወንዶች 100 ሜትር ፍጻሜ ላይ እንኳ በአንደኛውና በሁለተኛው መሃል የነበረው ልዩነት ከዚያ ይሰፋል። እሱን ሩጫ «ሰስፔንስፉል» በሉት፣ ያምርበታል።

አቤል 21

እኔም ተማርኩ። «አንክሸስ»ን ለሁሉም ስል ነበር።

የሳሪሷ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ! ነርስዬ፣ እህቴን ጠየቅኳት። «ልጁ የልብ ምቱ ወርዶ ነበር፣ ለዚያ ነው ያጣደፉኝ» አለችኝ። እስከ ዛሬ አልነገረችንም ነበር። ስለዚህ «ተች ኤንድ ጎ»ን አስገብቼዋለሁ። መነሻው እንዲህ ሆነ፦

«አት ኤይት ኦክሎክ አት ናይት ዘይ ቱክ ማይ ሲስተር ኢን። ማይ ማዘር ክላችድ ዘ ኤጅ ኦፍ ኸር ነጠላ። አይ ስቴርድ አት ዘ ዶር ሃንድል። ዘ ሚኒትስ ክሮውልድ።»

አንድም «ቬሪ» የለበትም። «ነጠላ»ን እንዳለ ተውኩት፣ ይቻላል?

መምህር ከደብረ ብርሃን

ነጠላዋ ትቆይ፣ አትንኪያት። ሰዓቱን ግን አስተካክዪ። የኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለእነሱ «ቱ ኦክሎክ ኢን ዘ ሞርኒንግ» ነው። «ኤይት» ካልሽ ሰው ራት እየበላ ነው።