መደርደሪያ አይቶ አክሲዮን መግዛት ያዋጣል?

ብሩክ፦ እስቲ እንከራከርበት። በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የኮምፒውተር ዕቃ አምራቹን የአዮሜጋን አክሲዮን የያዙ ሰዎች በየኮምፒውተር መደብሩ እየዞሩ የኩባንያው ዚፕ ድራይቭ (በሚወጣ ዲስክ ላይ ፋይል የሚያስቀምጥ መሣሪያ) አለ ወይስ አልቋል እያሉ ይቆጥሩ ነበር። ፍሎፒ 1.44 ሜጋባይት በሚይዝበት ዘመን የዚፕ ዲስክ 100 ሜጋባይት ይይዛል። ድራይቩ 199 ዶላር ነበር። ቆጣሪዎቹም አልተሳሳቱም። በ1994 ወደ 141 ሚሊዮን ዶላር የነበረው ሽያጭ በ1996 ከ1.2 ቢሊዮን አለፈ። የኩባንያ ሪፖርት በሦስት ወር አንዴ ነው የሚወጣው፤ ሱቅ ግን በየቀኑ ክፍት ነው።

ሄለን፦ ብሩኬ፣ ባዶ መደርደሪያ ምን ይነግርሃል? ገዢ ተሻምቶበት ሊሆን ይችላል። ፋብሪካው ማድረስ አቅቶትም ሊሆን ይችላል። ሲያዩት ሁለቱም አንድ ናቸው። የሞላውስ? ትናንት የገባ ነው ወይስ ወር የከረመ?

ብሩክ፦ እሱማ ሻጩን መጠየቅ ነዋ። መቼ ገባ? የሚጠብቅ ሰው አለ? ካርቶኑ አቧራ ከለበሰ ደግሞ ራሱ ይናገራል።

ዳዊት፦ ሁለታችሁም ድራይቩ ላይ ቆማችሁ ቀራችሁ። ትርፉ ያለው ዲስኩ ላይ ነው። ድራይቭ አንዴ ይገዛል፣ 20 ዶላር ገደማ የሆነው ዲስክ ግን ደጋግሞ። እኔ ብሆን የምቆጥረው የዲስኩን ጥቅል ነው። ደግሞ አምራቾች ኮምፒውተር ውስጥ ገጥመው የሚሸጡት ድራይቭ መደርደሪያ ላይ ጭራሽ አይታይም።

ሰላማዊት፦ የአክሲዮኑን ዋጋ ለምን ዘለላችሁት? በግንቦት 1996 ጣሪያ ነካ፣ ከዚያ በጥቂት ወራት ውስጥ ግማሽ ያህሉን አጣ። ሽያጩ ግን በ1997 ወደ 1.7 ቢሊዮን አደገ። ዕቃው እየተቸበቸበ ጫፍ ላይ የገዛው ሰው ተጎዳ። መደርደሪያው ዕቃው መሸጡን ነገራቸው። አክሲዮኑ ከልክ በላይ መወደዱን ከየት ያውቀዋል? ይህን ለጀማሪ አለመንገር ግፍ ነው።

ብሩክ፦ በዋጋው ልክ ነሽ፣ እሱ ለብቻው ይሰላል። ግን ኩባንያው ገበያ እንዳለው በዓይኑ ያየ ሰው ወሬ ሰምቶ ከሚገዛው ይሻላል። ከዚህ አልነቃነቅም።

ሄለን፦ እንግዲያው ዕቃ የሚመለስበት መስኮት ጋም ይቁም። ድራይቩ ቀጭ ቀጭ እያለ ዲስክ ያበላሻል የሚለው እሮሮ በ1998 ፍርድ ቤት ደርሷል። እሱን ከመደርደሪያ አታነበውም። ተቀናቃኙ የሲዲ መጻፊያ እየረከሰ መምጣቱንም ለማየት ወደ ጎረቤቱ መደርደሪያ መዞር ነበረባቸው።

ዳዊት፦ ይሄ ይስማማኛል። የተቀናቃኙን ዋጋ ሳያይ የሚመለስ ሰው ግማሹን ነው ያየው።