ፍኖተ ሐሊብ ከባሕር ዳር መብራት ላይ፦ ጭጋጉ ሲወጣ ኮከቡም አብሮ ይጠፋል

ሰላም፣ የሌሊት ሰማይ ፎቶ ኤዲት የምታደርጉ ወገኖች እባካችሁ እርዱኝ። ፎቶው ከዘጌ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የተነሳ ስለሆነ ፍኖተ ሐሊብ የቆመው ልክ ከከተማው ብርሃን በላይ ነው። 14 ሚሜ ሌንስ፣ ኤፍ 2.8፣ 20 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 3200፤ 16 የሮው (ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፋይል) ፍሬም በሲሪል (የሰማይ ፎቶ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር) ተደራርቧል።

ከርቭ (የፎቶውን ብርሃን ከፍና ዝቅ ማድረጊያ) ከመንካቴ በፊት፣ ፋይሉ ገና ጨለማ እያለ ነው ዳራውን፣ ማለትም የከተማው መብራት ሰማዩ ላይ የፈጠረውን ጭጋግ፣ የማወጣው። የፖሊኖሚያሉን (ጭጋጉን የሚገምተው ቀመር) ደረጃ 1 ሳደርገው ብርቱካናማው ጭጋግ ንቅንቅ አይልም። 4 ሳደርገው ግን ፍኖተ ሐሊብን ራሱን እንደ ጭጋግ ቆጥሮ ይበላዋል፤ መሐሉ ላይ ያለው ጥቁር የአቧራ ስንጥቅ ሳይቀር ግራጫ ይሆናል። ከዛፎቹና ከውሃው ላይ የናሙና ነጥቦቹን (ሲሪል ጭጋጉን የሚለካባቸውን) አንስቻለሁ። ችግሩ፣ ኮከቦቹ ሲገጣጠሙ የዛፎቹ ጫፍ ስለሚንሸራተት ጠርዙ አጠገብ የቀሩት ነጥቦች ጥቁሩን ከሰማዩ ጋር ቀላቅለው ይለካሉ። ስለዚህ ከዛፎቹ በላይ ቀጭን ብርቱካናማ መስመር ትቀራለች፤ ከርቩን ከፍ ሳደርግ ቀድማ የምትፈነዳው እሷ ናት።

ፍኖተ ሐሊብ ባለበት ላይ ነጥብ ላስቀምጥ ወይስ ግራና ቀኙን ብቻ ልያዝ? ዛፎቹንስ ከመደራረቡ በፊት በየፍሬሙ ማስክ ማድረግ (መሸፈን) ያዋጣል? የተሳካላችሁ የተጠቀማችሁበትን ቁጥር ጭምር ብትነግሩኝ።