የጭቃ ቤቴ ልስን እየረገፈብኝ ነው፣ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜና እሁድ አረፍ የምንልበት ብዬ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ አካባቢ የቆየ የጭቃ ቤት ገዛሁ። ከአዲስ አበባ ከ50 ኪሎ ሜትር አይርቅም። ግንበኛው ጭቃው ላይ በሲሚንቶ ለሰነው። ክረምቱ ሳይወጣ ልስኑ አብጦ እንደ ቅርፊት ተገሸለጠ። ስሩ ያለው ጭቃ ርሷል፤ በጣቴ ስነካው ይናዳል። ከሁሉ የባሰው ምስጡ ነው። የበሩን መቃን ጫን ባደርገው ውስጡ ባዶ፣ ዱቄት ብቻ! (ሻጩ «ጽድ ነው፣ አይነካም» ብሎ ምሎልኝ ነበር።)

አንዱ ባለሙያ የዶሮ ሽቦ መትተህ እንደገና አስለስን ይለኛል። ሌላው ሲሚንቶው እርጥበት ስለሚያፍን ተነስቶ፣ ጭድ በተቦካበት ጭቃ ይለሰን ባይ ነው። ባለቤቴ ደግሞ «አፍርሰህ በብሎኬት ሥራው» ብላ ድርቅ ብላለች። እኔ የወደድኩት አሮጌነቱን ነው እኮ! ግድግዳውን ሳላፈርስ ምስጥ የበላውን ማገርና ምሰሶ መቀየር ይቻላል? የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ከየቱ ልጀምር?