ዊንዶውሱን በክራክ እየጫንኩ የሀገሬን ልጅ ፕሮግራም አልገለብጥም ማለት እችላለሁ?

ጠያቂ፦ ከመናኸሪያ ጀርባ (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ከኪሴ የማይወጣ ፍላሽ አለኝ። ዊንዶውስ፣ ኦፊስ፣ ፎቶሾፕ፣ ፒችትሪ (የሒሳብ ፕሮግራሙ)፣ ሁሉም ከነክራኩ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉን ከሚሰብረው ጋር፣ እሱ ውስጥ አለ። "ፎርማት አድርግልኝ" ላለኝ ሁሉ ከዚያ ነው የምጭንለት። እውነቱን ለመናገር፣ ስርቆት ነው ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቆዩ ደንበኛዬ መጡ። ፋርማሲ አላቸው፤ አቶቴ በኩል ሁለተኛ ሊከፍቱ ነው። ሌላ ላፕቶፕ ይዘው "ያንን የመድኃኒት ፕሮግራም እዚህም ላይ ገልብጥልኝ" አሉኝ። ፕሮግራሙን አውቀዋለሁ። እዚሁ ከተማችን ያለ ልጅ ነው የሠራው። የአንድ መድኃኒት ጊዜ ሊያልፍ ሦስት ወር ሲቀረው መስመሩ ቀይ ይሆናል። የመድኃኒቱን ስም በአማርኛ ፊደል ብትጽፍለትም ፈልጎ ያመጣልሃል። ከታች ጥግ ላይ የልጁ ስልክ ቁጥር አለ። ሲጫን የዲስኩን መለያ ቁጥር አንብቦ ኮድ ያወጣል፤ ለልጁ ደውለህ ቁልፉን ትቀበላለህ። ያንን መለያ አስመስሎ መቀየር ለእኔ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

እጄ አልታዘዝ አለኝ። "ይቅርታ ጋሼ፣ ይሄን አልሠራም" አልኳቸው። እሳቸው ረጋ ብለው "ልጄ፣ ዊንዶውሱንስ ማንን አስፈቅደህ ነው የጫንክልኝ?" አሉኝ። መልስ አጣሁ። ላፕቶፑን ትተውልኝ ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከራሴ ጋር እየተሟገትኩ ነው። ልዩነቱ የልጁን ስልክ ቁጥር ማየቴ ብቻ ነው? ከልባችሁ መልሱልኝ።

መልስ 1፦ ሒሳብ ሠራተኛዋ (አዳማ)

ወንድሜ፣ ራስህን አታስጨንቅ። እኔ ፒችትሪን የተማርኩት በክራክ ነው። አብረውኝ የተማሩትም እንደዚያው። በዚያ ነው ሥራ ያገኘነው። ልግዛ ብትልስ በምን ትገዛለህ? የሚከፈለው በዶላር፣ ያውም በውጭ ካርድ ነው። ፎቶሾፕ ደግሞ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየወሩ ነው የሚከፈልበት። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት 100 ብር አለፈ። የልጁን ግን በብር መክፈል ይቻላል። ለእኔ ልዩነቱ እሱ ነው።

መልስ 2፦ የሕግ ተማሪ

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ይጠብቃል። ለግል ጥቅም መቅዳት የሚፈቅደው አንቀጽ ፕሮግራምን አያካትትም። ባለቤቱ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ ይችላል፤ ለአቶቴው ፋርማሲ መጫን ግን መጠባበቂያ አይባልም።

ስለ ውጭዎቹ ስትጠይቅ ነገሩ ጠበብ ይላል። አዋጁ የሚጠብቀው የኢትዮጵያዊ ወይም የነዋሪ ሥራ፣ መጀመሪያ እዚህ የታተመ፣ ወይም ኢትዮጵያ በገባችበት ስምምነት የተሸፈነ ሥራ ነው። አገሮች አንዱ የሌላውን ደራሲ ሥራ ለመጠበቅ ከተስማሙበት ከበርን ስምምነት ውጭ ሆነን ደግሞ ብዙ ዓመት ቆይተናል። ስለዚህ አንተ በልብህ ያሰመርከውን መስመር ሕጉም አስምሮታል። ይሄ ግን ደንበኛህ ለጠየቁህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። ሕጉ ያልደረሰበት ሰውም ደክሞ ነው የሠራው።

መልስ 3፦ ኮድ ጸሐፊዋ (ሐዋሳ)

እኔ ለክሊኒኮች የካርድ ክፍል ፕሮግራም እሠራለሁ። አንዱ ስምንት ወር ፈጀብኝ። ሦስት ቦታ ሸጥኩት። አንድ ቀን ሸጬለት ከማላውቀው ክሊኒክ ተደወለልኝ። "ሪፖርቱ አልወጣ አለን፣ ነይና አስተካክዪልን" ይሉኛል። ሄድኩ። በሽተኞቹ ወረፋ ይዘው ቆመው ሳይ ጥዬ መውጣት አቃተኝ፤ አስተካከልኩላቸው። ታክሲ ውስጥ ግን አለቀስኩ። በዓመቱ ማሻሻሉን አቆምኩት።

እባክህ ለልጁ ደውልለት። ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ አይደል? ለሁለተኛ ቅርንጫፍ ቅናሽ የማያደርግ ሰው አላውቅም። እንዲያው የሚጠይቀን ስለሌለ ነው።

ጠያቂ፦ ከመናኸሪያ ጀርባ

አመሰግናለሁ። የኮድ ጸሐፊዋን ካነበብኩ በኋላ ደወልኩ። ልጁ ደንግጦ "ሰብረኸዋል እንዴ?" ነው ያለኝ። ነገሩን ሳስረዳው ለሁለተኛው ቅርንጫፍ በግማሽ ዋጋ ሰጠኝ።

ዊንዶውሱን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁም ብትሰሙት ደስ ይለኛል። ከዱባይ የሚመጡት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ የተሠሩ ናቸው። ከፋብሪካ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው ከወጡ ቁልፉ ማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጧል። ትክክለኛውን ዓይነት ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርደህ ስትጭን ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ያደርጋል (ፈቃዱን ያረጋግጣል)። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ የተከፈለበትን አጥፍቼ ክራክ ስጭን ነበር! ያውም አንቲቫይረሱን ዘግቼ። የሰው ባንክ፣ የሰው ፎቶ ያለበት ማሽን ላይ። ይሄ ከሁሉም በላይ ይቆጨኛል። አሁን ቁልፉን ሳላይ ፎርማት አላደርግም። ደብዳቤ ብቻ ለሚጽፍም ሊብሬኦፊስ እጭንለታለሁ፤ ነጻ ነው፣ አማርኛውንም በደንብ ይጽፋል። ፎቶሾፕና ፒችትሪ ግን ገና ፍላሼ ላይ ናቸው። እነሱን ምን እንደማደርጋቸው አልወሰንኩም።

ለጋሼም ደውዬ የግማሹን ዋጋ ነገርኳቸው። "ላስብበት" አሉኝ። ላፕቶፑ እስካሁን መደርደሪያዬ ላይ ነው።