ቅጠሉ ለምልሞ ሥሩ ያልወፈረ ሴለሪያክ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ካስል፣ ጀርመን)

ጤና ይስጥልኝ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ከከተማው ዳር በተከራየሁት ትንሽ የአትክልት ቦታ ላይ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥርና ድንች አለማለሁ። ባለፈው ዓመት ደግሞ ጀርመኖች ክኖለንዜለሪ የሚሉትን፣ ከታች እንደ ቀይ ሥር የሚደቦለቦለውንና ከላይ የሴለሪ ቅጠል የሚያወጣውን ሴለሪያክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞከርኩ። ከገበያ 12 ችግኝ ገዝቼ በኤፕሪል አጋማሽ የተከልኩ ሲሆን፣ ለቲማቲም እንደማደርገው ግንዱ ይጠነክር ብዬ እስከ ቅጠሎቹ መነሻ ድረስ አፈር አለበስኩት። ቅጠሉ አድጎ ጉልበቴ ደረሰ፤ በኦክቶበር መጨረሻ ስነቅለው ግን ትልቁ እንኳ ከዶሮ እንቁላል የማይበልጥ፣ ዙሪያውን በተጠላለፉ ቀጫጭን ሥሮች የተሸፈነ ሆኖ አገኘሁት። ሁለቱ ደግሞ ገና በጁላይ አገዳ አውጥተው አበቡ። ውሃ የማጠጣው በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ብቻ ነው። ስህተቱ የቱ ላይ እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ፣ ዘንድሮም ከዘር ልጀምር ወይስ ችግኝ ልግዛ የሚለውን ብትመክሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ (ዩትሬክት፣ ኔዘርላንድ)

ከጻፉት ሁሉ ዋናው ችግር አተካከሉ ይመስለኛል። እኛ ሥር ብንለውም፣ የሚወፍረው ክፍል አብዛኛው ከቅጠሎቹ በታችና ከዋናው ሥር በላይ ያለው የግንዱ መነሻ ነው፤ ስለዚህ ከቲማቲም ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም። ቲማቲም ግንዱ ሲቀበር ተጨማሪ ሥር ስለሚያወጣ ይጠቀማል፤ ሴለሪያክ ግን የሚወፍረው አካሉ ሲቀበር በቅጠሎቹ መሃል አፈር ይገባና ከጎን በኩል ቀጫጭን ሥር እያበዛ ይቀራል። ችግኙን በነበረበት ጥልቀት ብቻ፣ ልቡ፣ ማለትም አዲስ ቅጠል የሚወጣበት መሃሉ፣ ከአፈሩ በላይ በግልጽ እንዲታይ አድርገው ይትከሉት። በጣት ሲነኩት ትንሽ ቢነቃነቅ አያስቡ፤ ሥር ሲሰድ ራሱ ይጠነክራል። በችግኝና በችግኝ መካከል ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይተዉ።

ያበቡት ሁለቱ ብርድ ያገኛቸው ናቸው። የሴለሪያክ ችግኝ ከ10 ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ውስጥ ከሳምንት በላይ ከቆየ ክረምት ያለፈበት ያህል ይቆጥረውና ሥሩን ማወፈር ትቶ ወደ አበባ ይሄዳል። የኤፕሪል ሌሊት ለዚህ በቂ ነው። ጀርመኖች አይስሃይሊገ የሚሏቸው ከሜይ 11 እስከ 15 ያሉት ቀናት፣ በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 3 እስከ 7 መሆናቸው ነው፣ ሳያልፉ ወደ መደብ አያውጡት።

መልስ (ሐኖቨር፣ ጀርመን)

በአተካከሉ ጉዳይ እስማማለሁ፤ ነገር ግን የውሃው ነገር ከዚያ ያነሰ አይደለም። የሴለሪ ዘመዶች የዱር አመጣጣቸው ከረግረግ ቦታ ስለሆነ ድርቅን አይችሉም፤ አፈሩ አንድ ጊዜ ደርቆ ሌላ ጊዜ ሲጥለቀለቅ ደግሞ ሥሩ ይሰነጠቃል ወይም እንጨት ይሆናል። እኔ በደረቅ ሳምንት በካሬ ሜትር ከ20 ሊትር የማያንስ ውሃ ለሁለት ቀን ከፍዬ፣ ቅጠሉን ሳልነካ፣ ከሥሩ አጠጣለሁ። እርስዎ ከቅዳሜ ውጪ መድረስ ካልቻሉ መደቡን በታጨደ ሣር ወይም በገለባ ይጎዝጉዙት፤ ከኦገስት ጀምሮ ግን በሳምንት አንድ ቀን እንደማይበቃ ከወዲሁ ይወቁት፣ ምክንያቱም ሥሩ በዋናነት የሚወፍረው ከዚያ ወር እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ ነው።

ስለ ቅጠል አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው በበጋ የታችኛውን ቅጠል ግማሽ ድረስ ቀንጥሱ ይላል። እኔም አንድ ዓመት ስድስቱን ቀንጥሼ ስድስቱን ስተው ያልተነኩት ገዝፈው ተገኙ፤ ሥሩን የሚመግበው ቅጠሉ ነውና። ቢጫ የሆነውንና መሬት የተኛውን ብቻ ያንሱ። ለመብል ግን አንድ ሁለት ቅጠል መውሰድ አይጎዳም።

ጥያቄ (ካስል)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ያልኩት እንቁላል የሚያህለው አሁንም ጓዳ ስላለ ዛሬ በቢላ ሰንጥቄ አየሁት፤ ከድቡልቡሉ በላይ አራት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀጭን አንገት አለው፣ ይህም በአፈር የተሸፈነው ክፍል መሆኑ ግልጽ ነው። መሃሉ ግን ባዶና ቡናማ ሆኗል። ቅጠሉም ወደ መጨረሻው ቡናማ ነጠብጣብ ነበረበት።

መልስ (ሐኖቨር)

መሃሉ ባዶና ቡናማ መሆኑ ብዙ ጊዜ ቦሮን የተባለው፣ ተክል በጥቂቱ የሚፈልገው ንጥረ ነገር እጥረት ምልክት ሲሆን፣ በደረቀ ወይም ኖራ በበዛበት አፈር ላይ ይብሳል። ኖራ ጨምረው ከሆነ ዘንድሮ ይተዉት፤ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ በልግስና ይስጡት። ቦሮን ከመጨመርዎ በፊት ግን አፈሩን ያስመርምሩ፤ ትንሽ ሲበዛ ራሱ መርዝ ይሆናል።

መልስ (አዲስ አበባ፣ ኢትዮጵያ)

ነጠብጣቡን ጠጋ ብለው ሲያዩት መሃሉ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ካሉ ሴፕቶሪያ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ነው። እኔ ጓሮዬ ውስጥ የማለማው ክረምቱን ተማምኜ ስለሆነ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይህ በሽታ ዋና ጠላቴ ነው። በዘርና በመሬት ላይ በቀረ ቅጠል ስለሚተላለፍ የታመመውን ቅጠል ሰብስበው ያስወግዱ፣ በዚያው መደብ ላይም ሴለሪ፣ ካሮትም ሆነ ፐርስሜሎ ለሦስት ዓመት አይመልሱበት። መደቡን ከፍ ማድረግና ርቀቱን አለማጥበብም ረድቶኛል።

ከዘር መጀመር ለጠየቁት፣ ትዕግሥት ካለዎት ይጀምሩ። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነና ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር አያልብሱት፤ እርጥብ አፈር ላይ በትነው በመዳፍዎ ጫን ያድርጉትና በ20 ዲግሪ አካባቢ እርጥበቱን ይጠብቁ። ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። የበቀለ የለም ብዬ መጀመሪያ ዓመት ላይ የደፋሁት ሣጥን ዛሬም ያስቆጨኛል። እንደ እርስዎ አገር ከሆነ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ቤት ውስጥ መዝራት ይኖርብዎታል፤ ካመለጠዎት ችግኝ ይግዙ።

መልስ (ዩትሬክት)

ለአዝመራው፣ ቀላል ውርጭ ስለሚችል እስከ ኦክቶበር መጨረሻ፣ አየሩ ካልከፋም እስከ ኖቬምበር ይተዉት፤ ከባድ ውርጭ ግን አይጠብቁ። ሲነቅሉ ቅጠሉን ቆርጠው መሃል ያለውን ትንሹን ልብ ብቻ ያስቀሩ፣ ሥሩን ሳያጥቡ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀብረው ቀዝቃዛ ምድር ቤት ያኑሩት። ከቆሰለው ይጀምሩ፤ ጤነኛው ለወራት ይቆያል፣ በጾም አልጫ ላይም ከድንች ጋር ተከትፎ ሲገባ ጣዕሙ ግሩም ነው።