አሉሚና ተሰነጠቀብኝ፣ ዚርኮኒያ ሻከረብኝ፤ ቀጥሎስ?

140 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀና አሸዋ ያዘለ ውሃ የሚገፋ ፓምፕ አለኝ። 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የማይዝግ ብረት ዘንጉ፣ ፓኪንጉ (ውሃ በዘንጉ ዙሪያ እንዳይፈስ የሚያሽገው ማሸጊያ) በሚያርፍበት ቦታ የሴራሚክ ቱቦ ለብሷል።

መጀመሪያ የገጠምኩት ሴራሚክ 99.5 በመቶ አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ነበር። አሸዋውን በሚገባ ቻለ፤ ፓምፑ ለጥቂት ደቂቃዎች ደርቆ ከሠራ በኋላ ውሃ ሲገባበት ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰነጠቀ። ቀጥሎ ዚርኮኒያ የተባለውን ሴራሚክ፣ ክሪስታሉ እንዳይለወጥ ኢትሪያ የተባለ ኦክሳይድ የተጨመረበትን፣ ሞከርኩ። አይሰነጠቅም ተብሎ ነበር፤ እውነትም አልተሰነጠቀም። በአራት ወር ውስጥ ግን ገጹ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻክሮ ፓኪንጉን በላው። ኢትሪያ ቢጨመርበትም ሙቅ ውሃ የዚርኮኒያን የክሪስታል አወቃቀር ቀስ በቀስ እንደሚለውጥ ያወቅኩት ገንዘቡን ከከፈልኩ በኋላ ነው።

አሁን ዓይኔ ያረፈው ሲሊከን ካርባይድ ላይ ነው። ሙቀትን በፍጥነት ስለሚያስተላልፍ ድንገተኛ ቅዝቃዜን ከአሉሚና የበለጠ ይቋቋማል። የሚያስፈራኝ መስፋቱ ነው፦ በአንድ ዲግሪ ከሚሊዮን 4 እጅ ገደማ ብቻ ሲሰፋ ዘንጉ 16 ገደማ ይሰፋል። በ120 ዲግሪ ጭማሪ ዘንጉ ቱቦውን በ0.07 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበልጠዋል፤ አጥብቄ ከገጠምኩት ከውስጥ ይፈነዳል። ዚርኮኒያ የተቀላቀለበት አሉሚና በመስፋት ከሲሊከን ካርባይድ ይልቅ ለብረቱ ይቀርባል፤ ያንን ግን ገና አልሞከርኩም።

ለዚህ ሥራ የትኛው ይሻላል፦ ክፍተት ተትቶለት በጎማ ቀለበት የተያዘ ሲሊከን ካርባይድ ወይስ ዚርኮኒያ የተቀላቀለበት አሉሚና?